የጣሊያን ቃጫ

ባለቤቴ የታሰረው ገመድ በመሥራቱ ነው። ይህን ለሰው ስናገር ግማሹ የምቀልድ ይመስለዋል፤ ግማሹ ደግሞ የደበቅኩት ሌላ ነገር እንዳለ ሁሉ በጎን ያየኛል። የደበቅኩት ነገር የለም። ከሶዶ ወደ ሁምቦ በሚወርደው መንገድ ዳር ገመድ እየሠራን እንኖር ነበር። ገመዱ ከእንሰት ቃጫ ቢሆን ኖሮ ማንም አይነካንም፤ ባለቤቴም እንደ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ጉልበቱን እያማረረ አርጅቶ ባየሁት። የኛ ገመድ ግን የሚሠራው ከሌላ ተክል ነው። ሰፈርተኛው “የጣሊያን ቃጫ” ይለው ነበር።

ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ ከመንገዱ በታች ሰፈር ሠርቶ ነበር አሉ። ለድንኳኑና ለጭነቱ ገመድ ከባሕር ማዶ ማስመጣቱ ሰልችቶት ይመስለኛል፣ ከአገሩ ባመጣው ዘር አንድ ሰፊ ማሳ አለማ። የባለቤቴ አባት በግዴታ ከሚሠሩት አንዱ ነበሩ። እንዴት እንደሚዘራ፣ መቼ እንደሚነቀል፣ ግንዱ ኩሬ ውስጥ ተዘፍዝፎ ልጡ እንዴት እንደሚላጥ እዚያ ተማሩ። ጣሊያን ሲወጣ ሌላው ሰው ቆርቆሮና ጣሳ ሲሻማ፣ እሳቸው ዘሩን በቡሉኳቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ሁሉ ዘረፋ የደረሳቸው ይኸው ነው።

እኔ ሳገባ አባትየው ሞተው ሥራው ለልጃቸው ተላልፎ ነበር። በልግ ሲገባ ከእንሰቱ ወዲያ ባለችው ቁራጭ መሬት ላይ ጥቅጥቅ አድርገን እንዘራለን። ከሳሳ ቅርንጫፍ ያበዛል፤ ቅርንጫፍ ያበዛ ደግሞ ለገመድ አይሆንም። ክረምቱ ሲያጋምስ ከሰው ቁመት ያልፋል። ያን ጊዜ ነቅለን፣ ቅጠሉንና አበባውን አራግፈን እንሰት ሥር እንጥለዋለን፤ ግንዱን አስረን ታች ኩሬው ውስጥ እንዘፈዝፋለን። ሽታውን አልነግራችሁም። ጎረቤቶቼ “አንቺ የምትተኚው ከባል ጋር ነው ከሞተ በሬ ጋር?” እያሉ ይስቁብኝ ነበር፤ እኔም ቃል ሳልቀንስ ለባለቤቴ አደርስለታለሁ። እሱ እጁን አሽቶ፣ አሽትቶ፣ “በሬው ደህና ነው” ይለኛል። ቀልዱ ይኸው ነበር፤ ሌላ ቀልድ አያውቅም።

ሲፈትል ግን አይቀልድም። በደጃፋችን ካለው መስክ ጫፍ እስከ ጫፍ ወደ ኋላ እየተራመደ ይገምዳል። አንዲት ቦታ ከላላች ሁሉንም ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። “ለበሬ እኮ ነው፣ ለንጉሥ አይደለም” ስለው አይሰማኝም። ገመዱን የሶዶ ባለሱቆች ይወስዱታል። ብዙዎቹ ቤተሰቦቻቸው ከጉራጌና ከስልጤ አገር የመጡ ሙስሊሞች ናቸው፤ ቡናና በርበሬ በጭነት መኪና ሲልኩ ከኛ ገመድ ሌላ አይፈልጉም። ፖሊስ ጣቢያው እንኳ የበቅሎዎቹን መሳቢያ ከኛ ነበር የሚያሠራው። ባለቤቴ እያስረከበ ይመለሳል፤ ሥራውን ደግ ነው ክፉ ነው የሚለው ሰው የለም።

አሁን የልጅ ልጄ በስልኳ እያየች ታነብልኛለች። መንግሥታት ያንን ተክል ለያይተው ሕግ አውጥተውለታል አሉ። ለገመድና ለጨርቅ የሚዘራው አንድ ነው፣ ዘይቱ ለሕመም የሚሆነው ሌላ ነው፣ የሚያሰክረው ደግሞ ሌላ ነው፤ በምርመራ ክፍል ይለካል፣ ፈቃድ ይሰጥበታል፣ በብልቃጥ ይሸጣል። እኛ እንሰት ሥር የጣልነውን አበባ በብልቃጥ! “ዛሬ ቢሆን ኖሮ አያቴ ፈቃድ ያወጡ ነበር” ትለኛለች፤ ልታጽናናኝ ነው። ተናድጄ ስልኩን አጥፊው አልኳት። በኛ ጊዜ ሕጉ መለኪያ አልነበረውም። ተክሉን ያውቃል፤ ተክሉ ምን እንደሚሠራበት አይጠይቅም።

አዋጁ የመጣው አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ ነው። የሰፈሩ ጭቃ ሹም ሰው ሁሉ ወደ ዱቡሻው እንዲወጣ አስጠራ። ዱቡሻ የምንለው ሰፈሩ ጉዳዩን የሚመክርበትን፣ የተጣላ የሚታረቅበትን ሜዳ ነው። ጭቃ ሹሙ በአማርኛ የተነገረውን ወደ ወላይትኛ መልሶ እንዲህ አለን፦ ሰው የሚያጨሰው፣ ልብ የሚያዞር፣ መንግሥት የከለከለው ቅጠል አለ፤ በጓሮው ያለበት ሰው ነቅሎ ያቃጥል፤ ያላቃጠለ ይታሰራል።

በዚያ ሜዳ ላይ ከነበረው ሰው አንድም አልተጠራጠረም። የሚጨስ ቅጠል ትንባሆ ነው። እኛ ሌላ የሚጨስ ነገር አይተንም ሰምተንም አናውቅም። ደግሞ የአማኞቹ ነገር አለ። ሰፈሩ ወንጌል ከተቀበለ ወዲህ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ስንት ዘመን “ትንባሆ ተዉ፣ አረቄ ተዉ” ሲሉ ኖረዋል። አማኝ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የጓሮውን ትንባሆ መንቀል ነው፤ በዚያ ይታወቃል። አሁን መንግሥትም ያንኑ ሲል ሽማግሌዎቹ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። አንዱማ “ጃንሆይም ገባቸው” ብለው በዚያው በሜዳው ላይ መዝሙር አነሡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ትንባሆ በመንቀል ተጠመደ። ያልነቀለ ጎረቤት እንኳ ሲገኝ በደቦ ወጥተው ይነቅሉለታል። እኛ ቤት ጣጣው ባሰ። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ወንጌል አልተቀበሉም፤ ጋያቸውን፣ ያችን የቅል ማጨሻቸውን፣ ከአፋቸው የሚለያቸው እንቅልፍ ብቻ ነበር። ከደጃፉ ጎን ያለችውን ትንባሆአቸውን ባለቤቴ እያቀረቀረ ነቀላት። “ልጄ አይደለህም፣ የመንግሥት ልጅ ነህ” አሉት። ከትንባሆዋ ጀርባ፣ ከአጥሩ በላይ፣ የጣሊያን ቃጫ ነፋስ እያወዛወዘው ቆሞ ነበር፤ ከኛ መሃል ቀና ብሎ ያየው የለም። ምን ብለን እናየዋለን? ገመድ እኮ ነው።

ፖሊሶቹ ሲመጡ ባለቤቴ በመስኩ ላይ ወደ ኋላ እየተራመደ ይገምድ ነበር። አለቃቸው ከአዲስ አበባ ትምህርት ጨርሶ በቅርቡ የመጣ ወጣት መኮንን ነው፤ ጫማው ያብረቀርቃል፣ ጭቃችንን እየረገመ ነው የገባው። አጥሩ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። አንድ ቅጠል ቆርጦ ጣት የመሰሉትን ክፍሎቹን ዘረጋቸው። ለጓዶቹ አንድ ነገር ነገራቸው፤ እነሱም እኛን አዩን። እኔ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ስማር ያወቅኋት አማርኛ ነበረችኝና ወደ ፊት ወጥቼ፣

“ጌታዬ፣ እሱ ገመድ ነው” አልኩ።

“ሐሺሽ ነው” አለኝ። ቃሉን ያን ቀን መስማቴ ነው።

ማሳውን በሙሉ አስነቅለው በመስኩ ላይ አቃጠሉት። ያልደረቀ ስለነበር አልነድ ብሏቸው ብዙ ደከሙ። ለማስረጃ የሚሆን አንድ ነዶ አስቀሩና፣ አንዱ ፖሊስ የሚያስርበት ሲፈልግ ወደኔ ዞሮ “ገመድ የለሽም?” አለኝ። ሰጠሁት። ከዚያው ተክል የተሠራውን ነው የሰጠሁት፤ ጎትቶ ጥንካሬውን አየና ደስ ብሎት አሰረበት። ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ። መኮንኑ ግን ሳቄን አልወደደውም።

ባለቤቴን ሲወስዱት አማቴ ጋያቸውን እንደያዙ ተከትለው ወጡ። “የማጨሰው እኔ ነኝ! ልጄ አያጨስም፣ ፓስተር ነው የሚመስለው፣ እኔን ውሰዱኝ!” እያሉ በወላይትኛ ይጮሃሉ። ፖሊሶቹ አልገባቸውም። አንዲቷን ልጃችንን ጡቴ ላይ እንዳለች ይዤ እስከ ትልቁ መንገድ ሸኘሁት። እሱ ዝምተኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ከተናገርኩ የምለውን አውቀዋለሁ።

ወህኒ ቤቱ ሶዶ ውስጥ ነው። እስረኛ የሚበላው ቤተሰቡ ያመጣለትን ነው፤ ያላመጣለት ከሌላው ይለምናል። እኔ ቆጮ፣ ስኳር ድንች፣ ሲገኝ አይብ ይዤ ልጄን አዝዬ እወጣለሁ። ሽቅብ ነው መንገዱ። በዚያ መመላለስ መሃል ነው ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚቀመጠውን ራፖር ጸሐፊ ያገኘሁት። ለሰው ማመልከቻ እየጻፈ የሚኖር፣ ሕግ የሚያውቅ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት።

“ለገመድ ነው የምትይውን ተይው” አለኝ። “ሕጉ ላይ ገመድ የሚባል የለም። ሕጉ የሚቀጣው የዘራውን፣ ያለማውን፣ ለሰው ያደለውን ነው። ማሳውን ደግሞ ራሳቸው አቃጥለውታል፤ ተራ ይዞ መብቀሉን አሁን ማን ያሳያል? በእጃቸው ያለው አንድ ነዶ ነው። ባልሽ ወፍ ዘራሽ ነው ይበል። ማንም ሳይዘራው በራሱ የበቀለ፣ ምን እንደሆነ የማላውቀው ነው ይበል። ዳኛው ደግ ሰው ናቸው፤ ገስጸው ይለቁታል።”

“ባለቤቴ አይዋሽም” አልኩት።

“እንግዲያ ስንቅ ማመላለሱን ልመጅው” ብሎኝ ወደ ሌላ ሰው ዞረ።

ለባለቤቴ በሽቦው አጥር በኩል ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። “እንዴት ብዬ? አባቴ ያስተማረኝን፣ በጄ የዘራሁትን? አማኝ ነኝ እኮ” አለኝ። አልተከራከርኩትም። በሚቀጥለው ጉዞዬ ልጅቷን ከጀርባዬ አውርጄ ሽቦው ሥር አስቆምኳት፤ ሽቦውን ይዛ ስትስቅለት እያየ፣ “ይቺን ማን ያሳድግልህ?” አልኩት። ይህን ማለቴ ስህተት ነው የሚል ካለ ይምጣና በሽቦ አጥር ማዶ ባሏን ላየች ሴት ይንገራት። ባለቤቴ ጣቱን በሽቦው አሾልኮ አስያዛት። ከዚያ “ቃሉ ምን ነበር?” አለኝ። አማርኛው ጥቂት ነበርና ደጋግሜ አስጠናሁት፤ ወፍ ዘራሽ፣ ወፍ ዘራሽ እያለ ወደ ውስጥ ገባ።

ለሰፈሩ ሰው አልተናገርኩም። እንዴት እናገራለሁ? የቤተ ክርስቲያን ሰው ሊዋሽ ነው ብዬ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ልናገር? አማቴ ብቻ ያውቃሉ፤ እሳቸው ደግሞ “ውሸት ከሆነ የሚያስፈታው ምነው ቶሎ በዋሸ” ነበር ያሉት።

እኔ አፌን ዘግቼ ስመላለስ ሰፈሩ ግን ዝም አላለም። በዱቡሻው ተሰብስበው መክረዋል። በኛ ወግ የተከሰሰ ሰው ብቻውን አይቆምም። ጎረቤቱ ሁሉ ይወጣል፤ ያደረገው ነገር በአደባባይ፣ ምንም ሳይደበቅ ይነገራል፤ ከዚያ ደግነቱ፣ ሥራው፣ ለሰው የዋለው ውለታ ይዘረዘራል። የተቆጣው ወገን ይህን ሰምቶ ይበርዳል። ጥፋት የሚከብደው ሲደበቅ ነው፤ ከተነገረ ይቀላል። በዚህ ወግ ስንት ነፍስ ያጠፋ ሰው ታርቆ ሲገባ አይተዋል። ታዲያ ዳኛውም የተቆጣ ሰው ነው ብለው አሰቡ። እኔን ደግሞ በሐዘኔ ላይ ላለማስቸገር ብለው ሳይነግሩኝ ቀሩ።

በቀጠሮው ጠዋት ፍርድ ቤቱ ግቢ ስደርስ ሰፈሩ በሙሉ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ነጭ ለብሰዋል፤ ከሌሊት ተነሥተው በእግራቸው ነው የመጡት። ያስጠናሁት ውሸት ትዝ አለኝ። በመሃል የነበሩት ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ትልቁ፣ እኔና ባለቤቴን ያጋቡን ሰው ናቸው። ጎንበስ ብዬ፣

“አባባ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ዛሬ ሰዎቹን ይዘው ይመለሱልኝ” አልኳቸው።

“አይዞሽ ልጄ” አሉ እጄን ይዘው። “እኛ እያለን ብቻውን አይቆምም።”

“አይደለም፣ አባባ። ሌላ ቀን ይሻላል። ዛሬ አትናገሩ።”

ፖሊሱ አጠገባችን ቆሟል፤ ወላይትኛ ይስማ አይስማ አላውቅም። ከዚህ በላይ ምን ልበል? እሳቸው ግን ይሉኝታ ይዞኝ፣ ሰው አስቸገርኩ ብዬ ፈርቼ መሰላቸው። “ምን ችግር አለው! ለሱ ካልወጣን ለማን እንወጣለን?” ብለው ወደ ሰዎቹ ዞሩ፤ ሁሉም ራሳቸውን እየነቀነቁ አጽናኑኝ። ያን ጊዜ ጮኼ ብወድቅ፣ አብጃለሁ ብል፣ ሰዎቹ እኔን ይዘው ይመለሱ ነበር። ያ ሐሳብ የመጣልኝ በማግስቱ ነው።

ባለቤቴን አስገቡት። ከስቶ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ነዶውን ጠረጴዛ ላይ አኖረው፤ ደርቆ ቅጠሉ ረግፏል። ዳኛው በዕድሜ የገፉ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ የሚጠርጉ ሰው ናቸው። አስተርጓሚው አፉን ሳይከፍት ባለቤቴ ራሱ በአማርኛ ተናገረ።

“ወፍ ዘራሽ ነች፣ ጌታዬ። እኔ አላውቃትም።”

ዳኛው ፈገግ አሉ። “አላውቃትም ነው የምትለው?”

“አዎ ጌታዬ። ራሷ በቀለች።”

ዳኛው ዐቃቤ ሕጉን አዩት። “ተዘርቶ እንደነበር የሚያስረዳ አለህ?” አሉት። መኮንኑ ለሌላ ሥራ ወደ ዲምቱ በኩል ወርዶ አልቀረበም ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቶቹን አገላበጠ። ራፖር ጸሐፊው እውነቱን ነበር፤ ነገሩ ሊያልቅ ነው። ልጄን አጥብቄ ያዝኳት፤ እስከ ዛሬ ያን ያህል የጸለይኩበት ጊዜ አላውቅም።

ያን ጊዜ ነው ትልቁ ሽማግሌ የተነሡት። ማንም አልጠራቸውም። በኛ ወግ ደግሞ ሽማግሌ ሲነሣ ዝም ይባላል፤ ዳኛውም ሽበታቸውን አክብረው መሰለኝ “ምንድን ነው የሚሉት?” ብለው አስተርጓሚውን ጠየቁ።

“ስለዚህ ልጅ ልንመሰክር መጣን” አሉ ሽማግሌው። “ደግ ልጅ ነው። አያጨስም፣ አይጠጣም። አባቱን ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ ይህን ተክል እሳቸው ከጣሊያን ማሳ አምጥተው ዘሩት፣ ለሱም አስተማሩት።”

“እሱም ይዘራል?” አሉ ዳኛው።

“መዝራት ብቻ! ጌታዬ፣ በወላይታ ምድር እንደሱ አድርጎ የሚዘራ የለም። በየበልጉ መሬቱን ሁለት ጊዜ ገልብጦ፣ ዘሩን መርጦ፣ ጥቅጥቅ አድርጎ በገዛ እጁ ይዘራል። አንዲት አረም አታገኙበትም። ገመዱን ሲገምድ ደግሞ አንድ ቦታ ቢላላበት ሁሉን ፈትቶ ይጀምራል። አባቱ እንኳ እንዲህ አልነበሩም፤ እሱ አባቱን አልፏል። እኛ በሬያችንን የምናስረው፣ ከጉድጓድ ውኃ የምንቀዳው በሱ ገመድ ነው።” ከቡሉኳቸው ሥር አንድ ጥቅል ገመድ አወጡ። ከኋላቸው ያሉት ሁሉ እያንዳንዳቸው ከየልብሳቸው ሥር አወጡ፤ አዳራሹ በገመድ ተሞላ። “ለአንዳንዶቻችን ዘሩንም ሰጥቶናል፤ እኛም መዝራት ጀምረናል” አሉ ጨምረው። እንዲህ ለሰው የሚያካፍል ቸር ነው ማለታቸው ነው።

አስተርጓሚው ከሶዶ ልጆች አንዱ ነበር። ሽማግሌው የሚሉትን እየተረጎመ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ፤ “ዘሩንም ሰጥቶናል” የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመና ዳኛው “ቀጥል” እስኪሉት ጠበቀ። እኔ ባለቤቴን እያየሁ ነበር። አንገቱን ቀና አድርጎ ሽማግሌውን ይመለከታል። ዓይኑን ከሳቸው ላይ አላነሣም።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ፈገግታቸው ጠፍቶ ነበር። ዘርቷል፣ ለሌሎችም አድሏል፣ ፍርድ ቤትን ደግሞ ዋሽቷል አሉ። የዓመታት እስራት ፈረዱበት። አስተርጓሚው ለሰዎቹ ሲነግራቸው መጀመሪያ ያልሰሙ መሰሉ። ከዚያ ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ፤ “ምን አጠፋን? የተናገርነው እውነት አይደለም ወይ?” አሉኝ። “እውነት ነው” አልኳቸው። ገመዶቹን ፖሊስ ሰበሰባቸው። ከተሰጣቸው ዘር የበቀለውንም በማግስቱ ከየጓሮው እየነቀለ አቃጠለው፤ ሰዎቹን በተግሣጽ ለቀቃቸው። ገመዶቹ ግን አልተቃጠሉም፤ የጣቢያው በቅሎዎች ሲታሰሩባቸው አይቻለሁ።

ሰፈር ስንደርስ ሁለተኛው ነገር መጣ። ባለቤቴ በፍርድ ቤት ፊት መዋሸቱን አሁን ሁሉም ሰምተዋል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቤቴ መጥተው ተቀመጡ፤ ትልቁ ሽማግሌ አልመጡም፣ አልቻሉም። የመጡት አንገታቸውን ደፍተው፣ ባለቤቴ ስለ ውሸቱ ንስሐ እስኪገባ ከማኅበሩ ታግዷል አሉኝ። እንዲህ ከሞተስ አልኳቸው። እሱ እንዳይሆን እንጸልያለን አሉ። አማቴ ጋያቸውን ከአፋቸው አውጥተው “አንድ ጊዜ በመሃላችሁ ሚስቱንና ልጁን የወደደ ሰው ቢገኝ እሱንም አባረራችሁት” አሏቸው። እኔ በሩን አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሰው አላናገርኩም፤ ውኃ ስቀዳ ሴቶቹ ሲያስቀድሙኝ አላመሰግናቸውም።

ወህኒ ቤቱ ሞልቶ ነበር። እስረኛው ተደራርቦ ነው የሚተኛው፤ ቅማሉ፣ ከቅማሉ ጋር ተስቦው። ክረምቱ እንደገባ በየሳምንቱ ሰው በቃሬዛ ሲወጣ አያለሁ። ባለቤቴ የሚልከው ልብስ እየተቀቀለም ከቅማል አይጠራም። አንድ ቀን ወደ ሽቦው ሲመጣ ግድግዳውን ይዞ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፤ ግንባሩን ሽቦው ላይ አስደገፈ። እኔ ብሶቴን ተሸክሜ መጥቻለሁ፤ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ሁሉም አፌ የመጣልኝን ተናገርኩ። ሰማኝ፣ ሰማኝና፣

“አትቆጪያቸው” አለኝ። “እሳቸው ሲናገሩ ደስ ብሎኝ ነበር።”

“ሲያስፈርዱብህ?”

“ፍርዱን ረስቼው ነበር። አባቱን አልፏል ሲሉ ሰማሽ? ስለ ሥራዬ ሰው ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።” ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። “አንቺም ብለሽኝ አታውቂም” አለና ፈገግ አለ።

ሽቦውን ይዤ አለቀስኩ። ከዚያ ለመጣሁበት ነገር በረታሁ። “ንስሐ ግባና ለሽማግሌዎቹ ልንገራቸው፤ እገዳው ይነሣልህ። አንድ ቃል ናት” አልኩት።

“የቱን ነው ንስሐ የምገባው?”

“ወፍ ዘራሽ ያልከውን።”

ራሱን ነቀነቀ። “እሱን ለናንተ ብዬ ነው ያልኩት። ለናንተ ብዬ ያደረግሁትን ኃጢአት ነው ብዬ አልናገርም። ዋሽቻለሁ፤ ግን አልጸጸትም። ያልተጸጸትኩትን ተጸጸትኩ ብል፣ ያው መልሶ ውሸት አይደለም?” የዚህን ሰው ነገር እንዴት ላርግ? እዚያ ሆኖ፣ ተስቦ እየበላው፣ አሁንም አይዋሽም። ተናድጄ ነው የተለየሁት፤ ስንቁን ለዘበኛው ወርውሬ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ጊዜ ስመጣ ዘበኛው የያዝኩትን አገልግል ለመቀበል እጁን አልዘረጋም። “ይዘሽው ተመለሺ፣ እህቴ” አለኝ።

አስከሬኑን ሰፈሩ ተሸክሞ አወረደው። ትልቁ ሽማግሌ ከፊት ይሄዳሉ፤ ማንም ቢለምናቸው ቃሬዛውን ለሌላ አልሰጡም። ከመቃብሩ ስንደርስ ቆሙ። የአማኞች መቃብር አንድ ነው፣ ከማኅበሩ የታገደ ሰው የሚቀበርበት ሌላ ነው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ማንም መጠየቅ አልፈለገም። በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ ወደኔ መጡ፣ ዓይኔን ማየት አቃታቸው፣ መሬቱን እያዩ “ልጄ፣ ከመሞቱ በፊት ስለ ውሸቱ ንስሐ ገባ?” አሉኝ።

ሰው ሁሉ እኔን ያያል። አማቴ ክንዴን ያዙኝ።

“ገባ” አልኩ። “አልቅሶ ገባ። በሽቦው በኩል ሰምቼዋለሁ።”

ሽማግሌው ፊታቸውን ሸፍነው ተንሰቀሰቁ። ከዚያ መዝሙሩን እሳቸው ራሳቸው አነሡ፤ ሰፈሩ ተቀበላቸው፤ ከአማኞቹ መሃል ቀበሩት።